ለድልድዩ የተነገረ መርዶ

ድልድዩ ዛሬም አርፍዶ ተነሣ።

በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ከድልድዩ ጣቢያ አጥር ውጭ፣ አህዮቻቸውን የጫኑ ሰዎች እንደ ወትሮው ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ድልድዩ ማታ ማታ ይፈርስና ጣቢያው ግቢ ባለው የሞቀ የድንጋይ መደብ ላይ እንደ እህል ተከምሮ ያድራል። ማለዳ ሲጠራ ክምሩ ይላወሳል፣ ወደ አፋፉ ይፈስሳል፣ ከዚያም አንዱ ሌላውን እየያዘ ገደሉን አሻግሮ እስከ ማዶ ይዘረጋል። የአገሩ ሰው ይህን ሲያይ ዓመታት ስላለፉት የሚደንቀው ነገር የለም። የሚያናድደው መዘግየቱ ብቻ ነው።

«አምሽቶ ነው መሰለኝ» አለ ፍየል ነጋዴው አያ ጉልላት። «ትናንት ማዶ ሠርግ ነበር፤ ሳንሰማ ተጠርቶ ይሆናል።»

«አንተ ነህ እንጂ ያመሸኸው» አለችው እትዬ ብርቄ፣ ከገብስ ጆንያዋ ላይ ሳትነሣ። «እሱማ ከአንተ ይሻላል። ቢያንስ ሲመሽ ማንም ሳይደግፈው መኝታው ይገባል።»

ሰዉ ሳቀ። አያ ጉልላት ራሱም ሳቀና ወደ አጥሩ ዞረ። «ኢንጂነር! ኧረ ይኼን ልጅሽን ገሥጪው! ፍየሎቼ ገበያ ሳይደርሱ አረጁብኝ እኮ!»

ትርሲት እጇን አነሣችለት እንጂ አልሳቀችም። ዓይኗ በያዘችው ስስ ሰሌዳ ላይ ነበር። ድልድዩ የተሠራበትን ነገር መሐንዲሶቹ ታዛዥ ቁስ ይሉታል፤ ሲታዘዝ ቅርጹን የሚለውጥ ቁስ ማለት ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት እያንዳንዱ ሽንብራ የሚያህል፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሮቦት ነው። አንዷን ቅንጣት ይሏታል። ቅንጣት ስድስት እጅ አላት፤ ዓይን የላትም፤ አለቃም የላትም። የምታውቀው አጠገቧ ያሉትን ብቻ ነው። ሕጓን ከዓመታት በፊት ትርሲትና የሥራ ባልደረባዋ መክብብ ሲያወጡላት ከደቦ ነበር የቀዱት። ደቦ ላይ አዛዥ የለም፤ ሁሉም የጎኑን ሰው እያየ ያጭዳል። ማለዳ ጥሪው ሲደርስ እያንዳንዷ ቅንጣት «አለሁ» ትላለች። «አለሁ» ያለችውን ጎረቤቷ እጇን ይዞ ክብደቱን ያካፍላታል። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

ሰሌዳው ላይ ድልድዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነበር። ሁሉም «አለሁ» ብለዋል። ድልድዩ ግን ገደሉ መካከል ሲደርስ ቆመ። ጫፉ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ በር እንደሚፈልግ ሰው ወዲያና ወዲህ ዳበሰ። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደገና ተንቀሳቀሰና ማዶውን ነካ። ይህ መዳበስ ከክረምቱ ወዲህ የመጣ አመል ነው፤ በየሳምንቱም እየረዘመ ሄዷል። ነገ ደግሞ ቅዳሜ፣ ትልቁ የማዶ ገበያ ነው። አዝመራ ገብቷል። የአገሩ ሰው እንዳለ እህሉን ጭኖ ለገበያ ይሻገራል።

ሰዉ ተሻግሮ ሲያልቅ ትርሲት ወደ መክብብ ደወለች። መክብብ አሁን አዲስ አበባ የዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ከዚያ በፊት ግን አበልጇ ነው፤ ልጇን ኤፍራታን ክርስትና ያነሣላት እሱ ነው።

«አበልጅ! እንዴት አደርሽ? ልጄ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ከአባቷ ጋር ደብረ ብርሃን ናት። አበልጅ፣ ድልድዩ ዛሬም ቆመብኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሰሌዳው ሁሉም ደኅና ነው ይላል፣ እነሱ ግን የማይተማመኑ ይመስላሉ። አንዱ ሌላውን ዳብሶ ካላረጋገጠ አይዝም።»

«ትዝታቸው በዝቶ ነው» አለ መክብብ። «ስንት ዓመት ሙሉ የተሸከሙትን፣ የነፋሱን፣ የሰዉን ሁሉ ይዘዋል። ደምስሽላቸው። ነገ እንደ ሕፃን ቀልጠፍ ብለው ይነሣሉ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ነው እንጂ። ዛሬውኑ አድርጊው፤ ለነገ ገበያ ይደርስልሻል። የአህያ ሰልፍ እያየሽ ስትጨነቂ እኔም እዚህ እንቅልፍ አጣሁ እኮ!»

ትርሲት ቀለል አላት። ከእሱ ጋር ስትነጋገር ሁልጊዜም ይቀላታል።

ትዝታ አንዴ ከተደመሰሰ አይመለስም። ስለዚህ ከመደምሰሷ በፊት ድልድዩ የሚቆምበትን ስፍራ በዓይኗ ማየት ፈለገች። መንገደኛ በሌለበት ሰዓት በጥገናው ቅርጫት ገብታ፣ በገመዱ እየተንሸራተተች ከድልድዩ ሥር ገባች። ከታች ጀማ እንደ ተጣለ መቀነት ቀጥኖ ይታያል። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ እየነፈሰ ቅርጫቱን ያወዛውዘዋል፤ በራሪ ጋሪ እዚህ አገር ጭነት ማመላለስ ያቃተው በዚህ ነፋስ ነው።

መካከሉ ላይ ደርሳ ቆመች። ከታች ሲያዩት የድልድዩ ሆድ እንደ ማንኛውም ቀን ግራጫና ልሙጥ ነው። ሰሌዳዋን አስጠጋች። አረንጓዴ ነው። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን አሳረፈችበት። ሽፋኑ እንደ ስስ የገብስ ቆሎ ገለል አለና እጇ ወደ ውስጥ ገባ። ጣቶቿ ብቻ አይደሉም፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ገባ። ውስጡ ባዶ ነበር።

ደንግጣ ልታወጣው ስትል ጥቃቅን እጆች ያዟት። ከባዶው ግድግዳ ዙሪያ የተዘረጉ፣ ቁጥራቸውን የማታውቀው እጆች ናቸው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኳቸው፣ ያዟቸው፣ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ለቀቋት። የሚጠብቁት እሷን አልነበረም።

ክንዷ እዚያው እንዳለ ሰሌዳውን ተመለከተች። ክንዷ ያለበት ቦታ በቅንጣት የተሞላ ነው ይላል። ሁሉም «አለሁ» እያሉ ነው። አካል የላቸውም እንጂ ድምፅ አላቸው። አንድ ሰው በሌሉ ቅንጣቶች ስም «አለሁ» የሚል ጥላ አስቀምጧል።

እያንዳንዷ ቅንጣት፣ ጥላም ብትሆን፣ መጀመሪያ የቀሰቀሳትን ጥሪ ይዛ ትኖራለች። ጥሪው የሰው ድምፅ ነው፤ የጣቢያው ኃላፊ ድምፅ ማኅተም ሆኖ ስለሚያገለግል ያለ እሱ ምንም አይታዘዝም። ትርሲት ሰሌዳዋን ወደ ባዶው አስጠግታ ጠየቀች። «ማን ጠራህ?»

ከባዶው ውስጥ የገዛ ድምፅዋ መለሰላት። «ኑ፤ ተያያዙ።»

ድምፁ የደከመና ጎርናና ነበር። ከኋላው ሌላ ነገር ይሰማል፤ የሴቶች ለቅሶ፣ የወንበር መንኳኳት፣ «ለእንግዶቹ ሻይ አድርሱ» የሚል የሰው ጩኸት። ትርሲት ክንዷን አውጥታ የቅርጫቱን ጠርዝ ያዘች። ድምፁ የት እንደተቀዳ አወቀች።

ደነባ ነው፤ በእናቷ ለቅሶ። ድንኳኑን የተከለው መክብብ ነበር። መቃብሩ ላይ አፈር የመለሰው፣ እንግዳ የተቀበለው፣ እሷን ደግፎ ያስቀመጣትም እሱ ነው። በሣልስቱ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አበልጅ፣ ድልድዩን አታስቢ» ብሏት ነበር። «ጥሪውን እዚህ ላይ ብቻ በይልኝ፤ ከለቅሶ እስክትነሺ እኔ አስነሣዋለሁ።» ቀና እንኳ ሳትል አለችለት። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ሥራውን የቅርቡ ሰው ይረከብለታል። ቁልፍን ለአበልጅ መስጠት ማመን እንኳ አይባልም፤ ሰው ግራ እጁ የያዘውን ወደ ቀኝ ሲያዛውር ማንንም እንደማይጠይቅ ነው።

ከቅርጫቱ ወጥታ ደወለችለት። «ና» አለችው። «ዛሬውኑ ና።»

መክብብ ከሰዓት በኋላ መጣ። በራሪ ጋሪው ከነፋሱ ክልል ውጭ አሳርፎት ቁልቁለቱን በእግሩ ሲወርድ አያ ጉልላት ከገበያ ሲመለስ ዳገቱ ላይ አግኝቶት አብሮት ተመልሶ ኖሮ፣ እየተሳሳቁ ነበር የደረሱት። እጁ ላይ የብርቱካን ከረጢት አለ።

«ይሄ ለልጄ ነው፣ አትብዪባት» አላት። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ቀረ።

ትርሲት ምንም ሳትል ወደ ቅርጫቱ ገባች። እሱም ተከተላት። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ወደ ድልድዩ ሆድ አመለከተችው።

«እጅህን ክተት።»

መክብብ እጁን አላነሣም። ወደ ወንዙ ተመለከተ። «አውቀዋለሁ» አለ።

«የት ናቸው?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት።»

«ምን ያደርጋሉ?»

ሳይመልስላት ራሷ ደረሰችበት። «ዓምዱ።»

በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ መካከል የሚያብረቀርቅ ዓምድ አለ። እንግዳ ሁሉ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ሲመረቅ እንደ ሕያው ነገር ሲጠማዘዝና አበባ ሲሆን ታይቶ ነበር፤ ያን ቀን ትርሲትም ከፊት ወንበር ተቀምጣ እጇ እስኪቀላ አጨብጭባለች። አዲስ የተመረቱ ናቸው ብሏት ነበር።

«መልሳቸው።»

«አይመለሱም፣ አበልጅ። ከምርቃቱ በኋላ ቅርጹ እንዲጸና ተባለና በእሳት ተጋገሩ። አሁን ድንጋይ ናቸው።»

ነፋሱ ቅርጫቱን ወዘወዘው። ሁለቱም በአንድነት ገመዱን ያዙ።

«ሊዘጉን ነበር እኮ» አለ መክብብ። «አንቺ ለቅሶ ላይ ነበርሽ፤ አልሰማሽም። ቅንጣት የሚያመርተው ፋብሪካ ቆሟል፤ አለቆቹ ደግሞ የሚታይ ነገር አምጣ አሉኝ። ምን ላሳያቸው? ጀማ ድረስ አምጥቼ የአህያ ሰልፍ ላሳያቸው? ከዚህ ጥቂት ወሰድኩ፤ አዲስ ሲመረት ልተካ ነው። ከዚያ ጥቂት ጨመርኩ። ይህ ጣቢያ ዛሬ የቆመው በዚያ ዓምድ ነው። አንቺም ደመወዝ የምትበዪው በዚያ ዓምድ ነው።»

«ንገረኝ እንጂ ታዲያ!»

«ብነግርሽ እሺ አትዪም ነበር።»

«እሱን ካወቅክማ ጥሩ ነው።» ትርሲት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ ጠዋትስ? ትዝታቸውን ደምስሺ ያልከኝ? አሁን እኮ እየዳበሱ ነው የሚሠሩት። ጥላዎቹ እንደሌሉ በስንት መከራ ስለተማሩ ክብደታቸውን አይጥሉባቸውም። ትዝታቸው ቢጠፋ «አለሁ» ያለውን ሁሉ አምነው ይደገፉበታል። ነገ ገበያ ነው፣ መክብብ።»

በስሙ ከጠራችው ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። እሱም ልብ አለው።

«አስልቼዋለሁ። ይሸከማል።»

«ከእነጭነታቸው?»

«በአማካይ ሲታይ…»

«እትዬ ብርቄ በአማካይ አትሻገርም።»

መክብብ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ቀጥሎ የተናገረው እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ ልመና ነበር። «ያልሞተ ነገር ገደልኩ እንዴ? ለሽንብራ ፍሬ «አለ» ብትያት ምን ኃጢአት አለው? ለሰውስ እንል የለም? አንቺ ራስሽ የእናትሽን መርዶ ከአክስትሽ ደብቀሽ የለም? በየስልኩ «ደኅና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» ስትያት አጠገብሽ ነበርኩ። ያኔ ውሸታም አልተባልሽም።»

«ደብቄያለሁ። አክስቴ ከቀዶ ጥገናው እስክታገግም ነው የደበቅኩት። ስትድን ዘመድ ሰብስቤ ነገርኳት። መርዶ የሚደበቀው የሚነገርበት ቀን ስላለው ነው። አንተ ቀን አልቆረጥክለትም።»

አፋፉ ላይ ከቅርጫቱ ሲወርድ ጠየቃት። «ለቦርዱ ልትናገሪ ነው?»

«አዎ።»

«እኔንም ይጥሉኛል፤ ጣቢያውንም ይዘጉታል። ኤፍራታስ ነገ ምን ትላለች? የክርስትና አባቷ…»

«የልጄን ስም አትጥራ።»

ብርቱካኑን አጥሩ ሥር አስቀምጦ ዳገቱን ወጣ። ትርሲት እስኪሰወር አላየችውም፤ ቶሎ ጀርባዋን ሰጠችው። እግሮቿ ግን ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነቃነቁም።

ወደ ክፍሏ ገብታ ሥራ ስትጀምር ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መጀመሪያ ያሰበችው ጥላዎቹን ማጥፋት ብቻ ነበር። ግን የቅንጣቶቹን እጆች አንድ በአንድ ስትመረምር ስሕተቷን አየች። አይተማመኑም ብላ ነበር። እያንዳንዱ ከስድስቱ እጁ አንዱን ለራሱ ያስቀረ፣ የተጠራጠረ መስሏት ነበር። እንዲያ አይደለም። ያቺ አንዷ እጅ ወደ ባዶው ነው የተዘረጋችው። «አለሁ» ያለው ጎረቤት ይመጣል ብለው ቦታውን ይዘው፣ እጃቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ማለዳ ድልድዩ ቆሞ የሚዳብሰውም እሱን ፍለጋ ነው። ሳያገኙት በቀሩት እጆች ብቻ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ በነጋታው እንደገና ይፈልጉታል። ክንዷን የያዙት እጆች ትዝ አሏት።

ጥላዎቹ ቢጠፉ ዝምታ ይሆናል እንጂ መልስ አይሆንም። ዝም ያለን ይጠሩታል፤ ነፋስ ይሆናል፣ ርቀት ይሆናል ብለው መጥራታቸውን አይተዉም። ሕጉን ሲጽፉ እሷና መክብብ ለቅንጣቶቹ «የለም» የሚል ቃል አልሠሩላቸውም። ማንስ ይህ ቃል ያስፈልጋል ብሎ አሰበ?

ቃሉን ሠራችው። ከባዱ ቃሉ አልነበረም፤ አነጋገሩ ነበር። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ቢነገር ሁሉም በአንድ ጊዜ የያዘውን ይለቃል፤ ድልድዩም ተመልሶ እንዳይገጣጠም ሆኖ ይበተናል። ይህን ስታስብ ለአክስቷ መርዶ የተነገረበት ማለዳ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ጎረቤቶች መርዶውን ከመናገራቸው በፊት ምንም እንዳልሆነ አንድ በአንድ ገብተው በግራም በቀኝም ተቀምጠው ነበር። የሚወድቀውን ሰው የሚይዘው ቀድሞ መከበብ አለበት። ትርሲት ለቅንጣቶቹም እንዲሁ ጻፈችላቸው። ከባዶው ራቅ ያሉት መጀመሪያ ቀርበው የባዶውን ጎረቤቶች ወደ ባዶው ባልተዘረጉት አምስት እጆቻቸው በኩል ይያዙ፤ መያዛቸው ሲረጋገጥ ቃሉ ይነገር፤ የተነገራት ቅንጣት ደግሞ ለቀጣይዋ ትንገር።

ቅዳሜ ማለዳ አፋፉ በሰውና በከብት ተሞልቶ ነበር። ትርሲት ከአጥሩ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። እንደ ወትሮው በድምፅ ማጉያ አልተናገረችም።

«ድልድዩ ጎድሎ ነበር» አለቻቸው። «ከውስጡ ብዙ ቅንጣቶች ተወስደዋል፤ አይመለሱም። እኔ አላወቅኩም ነበር፣ ማወቅ ግን ነበረብኝ። ዛሬ አስተካክለዋለሁ። ከተስተካከለ በኋላ እንደ ድሮው ሰፊ አይሆንም። ምን ያህል እንደሚጠብብ ሳይነሣ አላውቅም።»

እትዬ ብርቄ ጆንያዋን መሬት አስቀመጠች። «እስካሁን ታዲያ በምን ላይ ነበር የምንሻገረው?»

«በቀሩት ላይ።»

«እግዚኦ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አያ ጉልላት ወደ ፊት ወጣ፤ ቀልድ ከፊቱ ጠፍቷል። «ማነው የወሰዳቸው?»

«የኛው ሰው ነው።»

አያ ጉልላት ትናንት አብሮት እየሳቀ የወረደውን ሰው ያሰበ ይመስላል፤ ምራቁን ገደሉ ውስጥ ተፋ። «ብርቱካንም ሰጥቶኛል እኮ» አለ።

ትርሲት ወደ ክምሩ ዞረች። ጥላዎቹን አጠፋች፤ ሰሌዳዋ ላይ ከአረንጓዴው መካከል ትልቅ ጥቁር ስፍራ ተከፈተ። ወዲያው ክምሩ መላወስ ጀመረ፤ መጠራራታቸው ነበር። ከዳር ያሉት ወደ መካከል ሲጠጉ የክምሩ ጫፎች ገቡ፤ መሐሉ አበጠ። መከበቡ ሲያልቅ ትርሲት ሰሌዳውን ወደ አፏ አስጠጋች። ቀላል ቃል ነበር።

«የሉም» አለች። «አይመጡም።»

ክምሩ ከመሐል ወደ ዳር ተንቀጠቀጠ፤ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወድቅ ውሃው እንደሚያደርገው። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። ሰሌዳው ላይ አንድም እጅ አይንቀሳቀስም። ትርሲት መሐንዲስ ናት፤ ቅንጣቶቹ ክብደትን እንደ አዲስ እየተከፋፈሉ እንደሆነ፣ ይህም ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃለች። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች።

እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ጥለቱን አንገቷ ላይ አዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው።

«ምን ሆነሻል፣ ሽንብራ ለሚያህል ፍሬ?» አላት አያ ጉልላት በሹክሹክታ።

«አንተ ዝም በል። ተሸክመውህ የለም?»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ክምሩ ተነሣ። ወደ አፋፉ ፈሰሰ፣ አየር ላይ ወጣ፣ ተያያዘ፣ ሄደ። ገደሉ መካከል ሲደርስ ሰዉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አልቆመም። አልዳበሰም። ሳያመነታ ማዶውን ነካ።

ጠባብ ነበር። አንድ ሰው ያሻግራል፤ የተጫነ አህያ አያሻግርም። ትርሲት ቀድማ ወጣችበትና እግሯን ጠንክራ እየረገጠች መካከሉ ላይ ቆመች፤ ተንበርክካ መዳፏን አሳረፈች። እጇ አልገባም። ጭኖ የመጣው ሰው እያጉረመረመ ጆንያውን ወደ ትከሻው አዛወረ፤ አህዮቹ ባዷቸውን አንድ በአንድ ተነዱ። እትዬ ብርቄ ገብሷን ለሁለት ከፍላ ግማሹን አያ ጉልላት ላይ ጫነችው። «ሠርግ ላይ የበላኸውን ዛሬ አውርደው» አለችው። ሰልፉ ዘገምተኛ ነበር፤ እስከ ቀትርም አላለቀም። ግን ሁሉም ተሻገረ።

ትርሲት ለቦርዱ የሚላከውን ቃሏን ቀድታ ጨርሳ አፋፉ ላይ ተቀምጣ ሳለ ኤፍራታ ደወለች።

«እማዬ፣ ለገና የት ነን? እዚህ ነን ወይስ እዛ?»

«እዚህ ትመጫለሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ መክብብም ይመጣል አይደል? ድልድዩ ላይ ባለ ክር የወረቀት ካይት አስበርርልሻለሁ ብሎኛል። እኔ እንጃ፣ ትላንት ደወልኩለት፣ አላነሣም። ምን ሆኖ ነው?»

ከታች ከገበያ የሚመለሰው ሰው በጠባቡ ድልድይ ላይ ተከታትሎ እየሄደ ነበር። ትርሲት «የለም» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ራሷ የሠራችው ነው፤ ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግራዋለች። ልጇን ግን ማን ከብቦ ይይዝላታል? አባቷ ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ስልክ ይዛ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች፤ የእግሯ መወዛወዝ ሳይቀር ይሰማል። ዛሬ አይሆንም። ገናም ገና ነው፤ እስከዚያ አንድ ቀን ይገኛል።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለች። «ይመጣል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም «ይመጣል» ያለችው ጆሮዋ ላይ ቀረ። ድምፅዋ ለስላሳና ቅን ነበር፤ ማንም ቢሰማው ያምነዋል። የመክብብን ድምፅ ይመስል ነበር።